የቆቅ ጎጆ ዘበኛ

ፈጠነ ዕድሜውን የጨረሰው የሰው ንብረት ሲጠብቅ ነው። በጎረምሳነቱ እስቴ ውስጥ ማማ ላይ ወጥቶ ማሽላ ከወፍ ሲጠብቅ፣ ጎልምሶ ጅጅጋ ላይ የእህል መጋዘን ሲጠብቅ፣ ድንበሩን ተሻግሮ ሐርጌሳ ከገባ በኋላ ደግሞ መሐመድ ሞጌ ሰፈር አንድ የሲሚንቶና የብረት መደብር በር ላይ ሰባት ዓመት ሲጠብቅ ኖረ። በሰባቱ ዓመት ውስጥ ከዓይኑ ሥር የጠፋች አንዲት ሚስማር የለችም። ይህን እሱ አይናገርም፤ የሚያውቁት ናቸው የሚናገሩለት። በሚኖርበት አያሃ ሰፈር አጥር የሚጋሩት የአገሩ ልጆች ግን ማሾፍ ይወዳሉና፣ «ስም ያወጣለት ሰው ተሳስቷል፤ ፈጠነ አንዴ ከተቀመጠ ዝናብም አያስነሳውም» ይሉታል። ይስቃል እንጂ አይቀየምም።

መደብሩ ሲዘጋ ሥራ ፈታ። ሃምሳ ሦስት ዓመት የሞላውን ሰው ሲሚንቶ ተሸከም ቢሉት ወገቡ እሺ አይልም። ያኔ የደረሰለት ጀማሉዲን ነው። ጀማሉዲን የወሎ ሰው ነው፤ ጋአን ሊባህ በሚባለው ሰፈር ልብስ ስፌት ቤት አለው፤ ምላሱ ከመቀሱ የማይተናነስ፣ ልቡ ግን የዋህ ጓደኛው ነው። አንድ ቀን ኪን የምትባል የደንበኛው ልጅ የእናቷን ልብስ ልትወስድ መጣች። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የማስተርስ ጥናት እየሠራች ነበር። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ማየት የሚችል፣ የማይሰለችና የማይዋሽ ሰው ቸግሯት እንደነበር አጫወተችው።

«ምንድን ነው የሚያየው?» አላት ጀማሉዲን።

«ቆቅ። ጎጆዋን፣ እንቁላሏን፣ ጫጩት ማውጣት አለማውጣቷን።»

ጀማሉዲን መቀሱን አስቀምጦ ሳቀ። «መቀመጥ ከሆነ ሥራው፣ በዚህ ከተማ ከፈጠነ የሚበልጥ አታገኚም» አላት።

ኪን የመጀመሪያ ዲግሪዋን የያዘችው ሐረማያ ነው። አራት ዓመት ከእኛ ልጆች ጋር በአንድ ዶርም ስትኖር አማርኛውን ለምዳዋለች፤ ስትቸኩል ሴቱንና ወንዱን ታምታታዋለች እንጂ ማንበቡም መናገሩም አያቅታትም። ፈጠነን በመጀመሪያው ቀን «ጋሽ ፈጠነ» ብላ ጠራችው። በዚህችው ልቡን ገዛችው። ሰባት ዓመት ሙሉ «ዋርያ፣ አንተ ሰውዬ» ሲባል የኖረ ሰው በስተርጅና ጋሼ ሲባል ምን እንደሚሰማው ያልደረሰበት አያውቀውም።

እርሻው የሐጂ ዓብዲወሊ ነው። ከአያሃ ወዲያ፣ ደረቁን ወንዝ ተሻግሮ፣ በእግር ሁለት ሰዓት ግድም ያስኬዳል። ማሽላ የሚዘራበት ቀይ አፈር ነው፤ የጎርፉን ውኃ የሚያቆሙ ረጃጅም የአፈር እርከኖች ከዳር እስከ ዳር አቋርጠውታል። የግማሾቹ እርከኖች ጀርባ በሳርና በቁጥቋጦ የተሸፈነ ነው። የቀሩትን ሐጂ አስመንጥረዋቸዋል። «ሳሩ የቆቅ መደበቂያ ነው፤ ቆቅ ደግሞ የዘራሁትን ቆፍራ ትበላለች» ባይ ናቸው። አልዋሹም። በዘር ሰሞን ቆቅ ጠላት ናት። ዘሩ ከበቀለ በኋላ ምስጡንና ፌንጣውን እየለቀመች ወዳጅ ትሆናለች፤ ገበሬ ግን የሚያስታውሰው ዘሩን ነው።

የኪን ጥያቄ ቀላል ነበር። ሳር ባለበት እርከን ላይ የጣለችዋ ቆቅና በተመነጠረው ላይ የጣለችዋ፣ የትኛዋ ናት ጫጩት ይዛ የምትወጣው? የሳሩ ቆቆች በልጠው ከተገኙ ሐጂና ጎረቤቶቻቸው የቀረውን ሳር ላይነኩ፣ ልዩነት ከሌለው ግን ዶዘር አስገብተው ሁሉንም ሊያጸዱ በቃል ተስማምተዋል። እስኪታወቅ ድረስ አንዲት ሳር አትነቀልም። ትልልቅ ገበሬዎች ለአንዲት ወጣት ይህን ያህል መታገሳቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነበር።

ለፈጠነ ሥራውን አንድ በአንድ አስረዳችው። ጎጆ ሲያገኝ ቦታውን መመዝገብ፣ በሦስት በሦስት ቀን ማየት፣ እንቁላል በእጁ አለመንካት፣ አውሬ ዱካ ይከተላልና በአንድ መንገድ አለመመላለስ፣ እናቲቱ ታቅፋ ከሆነ ከሩቅ መመለስ። ስንት እንቁላል እንዳለ፣ ስንቱ እንደተፈለፈለ፣ ካልተፈለፈለም ማን እንደበላው በደብተር ላይ መጻፍ። ያለችውን ሁሉ በጣቱ እየቆጠረ ደገመላት፤ አንዱንም አልሳተም።

«አደራ፣ ጋሽ ፈጠነ» አለችው ደብተሩን ስትሰጠው። «የዓመት ሥራዬ እርስዎ እጅ ላይ ነው።»

እሷ ሰው እንደሚለው ነው ያለችው። እሱ ደግሞ «አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው» ሲባል ያደገ ሰው ነው። ደብተሩን በሁለት እጁ ተቀበለና በደረት ኪሱ ከተተው።

በሚያዝያ ጉ የሚሉት ዝናብ ጣለ። ፈጠነ ከእርከኖቹ መካከል በሸራ መጠለያ ሠርቶ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እዚያው ከረመ። ጎጆ ለማግኘት የሄደበት መንገድ ከሌላው ሰው የተለየ ነው፤ አልፈለገም። ተቀመጠ። ጎህ ሲቀድ ወንዱ በሻካራ ድምፁ ሲጮህ ያዳምጣል፤ ሴቲቱ ጉሮሮዋን ቢጫ አድርጋ ብቅ ትላለች፤ ጎንበስ ቀና እያለች ሄዳ ሄዳ ድንገት አንድ ቦታ ላይ ትጠፋለች። እዚያች ቦታ ላይ ጎጆ አለ። ጎጆ ይባል እንጂ በእግሯ የጫረችው ጎድጓዳ ነው፤ ሁለት ሦስት ስንጥር ሳር ጣል ተደርጎበታል። በውስጡ ወተት በዛ ያለበት ሻይ የመሰሉ አምስት ስድስት እንቁላሎች። ሃያ ቀን ግድም ትታቀፋቸዋለች። ጫጩቶቹ በወጡበት ቀን ተነሥተው እናታቸውን ስለሚከተሉ፣ ጎጆ ተሳካለት የሚባለው ባዶ ሲቀር ነው። ቅርፊቱ እንደ ክዳን ተከፍቶ ከተገኘ ጫጩት ወጥቶበታል፤ ከተሰባበረና ከተዝረከረከ ተበልቷል። ይህን ሁሉ በአንድ ወር ውስጥ ተማረ፤ ኪንም መጽሐፍ ላይ ያላገኘችውን አንዳንድ ነገር ከእሱ ጻፈች።

ከዚያ በኋላ ሰባተኛው ጎጆ ተበላ።

በተመነጠረው እርከን ላይ፣ በአገዳ ጉቶ ሥር የነበረ ጎጆ ነው። ሁለት ቁራዎች መጡ። አንዱ ከፊቷ እየዘለለ አስቆጣት፤ ተነሥታ ስታባርረው ሌላው ከኋላ ገብቶ እንቁላሉን አንድ አንድ እያለ አነሳው። ፈጠነ ከሸራው ሥር ሆኖ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየ። እንደታዘዘውም ጻፈ፦ «እንቁላል አምስት። ቁራ በላው።»

የዚያን ዕለት ምሳው አልበላ አለው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አደራ የተሰጠው ነገር ፊት ለፊቱ ሲዘረፍ ተቀምጦ ጻፈ። ዘበኛ ሌባ ሲያይ ይጽፋል እንዴ? ደግሞ ሌላም ነገር ነበረበት። እስቴ ውስጥ ከእህቱ ጋር የተዋት አንዲት ልጅ አለችው። በስልክ ነው ያሳደጋት። ታማ ሆስፒታል የገባች ጊዜ የሰማው ድና ከወጣች በኋላ ነው፤ ያገባች ጊዜ ደግሞ ሽማግሌ ከተላከ በኋላ። የእሱ ድርሻ ሁልጊዜ መስማት ብቻ ነበር። አሁን እዚህ፣ አርባ እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጦ፣ እጅም እግርም እያለው፣ ሊደርስላት የሚችላት እናት ቆቅ እያየችው ዝም አለ። ይህ ነገር በጣም አመመው።

በማግስቱ ከአሮጌ ጆንያ ወንጭፍ ገመደ።

ትእዛዝ አልጣሰም፤ ይህ ይታወቅለት። እንቁላል አልነካም፣ በአንድ መንገድ አልተመላለሰም፣ ጎጆ አጠገብ አልቆመም። ቁራ ሲመጣ ግን ድንጋዩ ከወንጭፉ እየተወነጨፈ ከቁራው ፊት ያርፋል። የውሻ መንጋ ሲያልፍ ከሩቅ አቅጣጫውን ያስቀይራል። አመሻሽ ላይ ሸለምጥማጥ እንዳይጠጋ በባትሪ አንድ ዙር ይዞራል። መጠለያውን ሁለት ጊዜ ነቅሎ ወደ ተጋለጡት ጎጆዎች አቀረበ። የሳሩ እርከን ላይ ያሉትን ተዋቸው፤ እነሱን እሱ ራሱ ፈልጎ ለማግኘት መከራውን ያያል፣ ቁራ ከየት ያያቸዋል? ሐዘኑ ሜዳ ላይ ለወደቁት ነው። ቤት ውስጥ ደካማው ልጅ የበለጠ ይታዘንለት የለ?

በደብተሩ ላይ ይህን አልጻፈም። ሊደብቅ አይደለም። ደብተሩ ስለ ቆቋ ይጠይቃል እንጂ ስለ እሱ አይጠይቅም። ደግሞስ ሥራውን የሠራ ሰው ሠራሁ ብሎ ይጽፋል? ኪን በሳምንት አንድ ቀን ስትመጣ ወንጭፉን ወገቡ ላይ ታየዋለች፤ ገበሬ ሁሉ የሚታጠቀው ነገር ስለሆነ ምንም አልመሰላትም። በወሩ መጨረሻ ቁጥሮቹን አይታ ግንባሯን ቋጠረች።

«ጋሽ ፈጠነ፣ እነዚህ ባዶ መሬት ላይ ያሉት እንዴት ነው የተሳካላቸው?»

የፈጠነ ፊት በራ። የተመሰገነ መስሎት ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። በአገሩ ባህል ደግሞ የተመሰገነ ሰው ምስጋናውን ወደ ላይ ያሳልፋል።

«እግዜር ጠበቃቸው» አላት።

ኪን ፈገግ ብላ ጻፈች።

በነሐሴ ገበሬዎቹ እርሻው ውስጥ ካለው ትልቅ ግራር ሥር ተሰበሰቡ። ለፈጠነም ወንበር ተሰጠው። ኪን ሰሌዳ ይዛ ቆመች፤ በሶማልኛ ቀስ ብላ አስረዳች። ሳር ባለባቸው እርከኖች ላይ ሃያ አንድ ጎጆ ተገኝቷል፤ አሥራ ሁለቱ ጫጩት አውጥተዋል። በተመነጠሩት ላይ ሃያ ጎጆ፤ አሥራ አንዱ አውጥተዋል። ልዩነት የለም። ይህን ስትል ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ ሌላ ነገር ጠብቃ እንደነበር የሚያውቋት ያውቃሉ። ግን አልሸፋፈነችም፤ ቁጥሩ ያለውን አለች።

ሐጂ ዓብዲወሊ ጢማቸውን እየዳሰሱ አዳመጡና፣ «ልጄ፣ የማትወጂውን እውነት ስለነገርሽን አላህ ይባርክሽ» አሏት። ከዚያ ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞረው ዶዘሩ በአሥር ቀን ውስጥ እንዲመጣ ተስማሙ። ሁሉም እርከን ይጸዳል። ስብሰባው ሻይ እንኳ ሳይቀዘቅዝ አለቀ።

ፈጠነ ሶማልኛውን ለመረዳት ጊዜ ወሰደበት። ሲገባው ግን ሁሉም ባንድ ጊዜ ገባው። አሥራ አንድ ከተባሉት ውስጥ አሥሩን ጎጆ በጎጆ ያውቃቸዋል። ያባረራቸውን ቁራዎች ያስታውሳል። ያልደረሰላቸው መጀመሪያ የተበላው ሰባተኛውና ርቀው በእርሻው ዳር የነበሩት አምስት ጎጆዎች ናቸው፤ ከእነሱ የተሳካላት አንዲት ብቻ። ሳሩ የሚሠራውን ሥራ እሱ ሲሠራ ከረመ፤ ስለዚህ ሳሩ ምንም የማይሠራ መሰለ። አሁን ሳሩ ሊነቀል ነው። የሚቀጥለው ዓመት ቆቆች ሁሉ ሜዳ ላይ ይጥላሉ፤ ዘበኛ ደግሞ የላቸውም። ተነሥቶ ሊናገር አሰበ። ልጅቱን በሽማግሌዎች ፊት ማዋረድ ግን አልቻለም። ተሰናብቶ ወጣ።

በቀጥታ የሄደው ጋአን ሊባህ፣ ጀማሉዲን ዘንድ ነው። ጀማሉዲን የቀሚስ ጨርቅ በመቀስ እየቀደደ ነበር፤ ሳያቋርጥ ሰማው። ሲጨርስ መቀሱን አስቀመጠ።

«ወላሂ አንተስ ጉደኛ ነህ» አለው። «ልጅቱ ሳሩን ትመረምራለች፣ ነገሩ ያለው ያንተ ወንጭፍ ላይ። ቆቅ ወዲህ ምዝግዝግ ወዲያ ያሉት ይኼንን ነው።»

«አትቀልድ። ልንገራት ወይስ ይቅር?»

«ብትነግራት ምን ይሆናል?»

«ዓመቷ ይበላሻል። በመስከረም መምህሮቿ ፊት ልትቀርብ ነው። እኔም እንጀራዬን አጣለሁ።»

«ባትነግራትስ?»

ጀማሉዲን የተቀደደውን ጨርቅ አነሣና አገላበጠው።

«እኔ ስንት ጊዜ ልክ ተሳስቻለሁ መሰለህ» አለ። «ከመሰፋቱ በፊት ለደንበኛው ከነገርኩት ይቆጣል፣ ይሰድበኛል፤ ግን ጨርቁ ይቃናል። ዝም ብዬ የሰፋሁት ጊዜ ሰውየው ሠርግ ላይ ነው የሚቀደድበት። ያ ደግሞ እኔ እዚያ ኖርኩም አልኖርኩም ስሜ ነው የሚነሣው። ምን ልንገርህ፣ ታውቀዋለህ እኮ። የመጣኸው እኔ አይዞህ እንድልህ ነው። አይዞህ።»

በማግስቱ ጠዋት ፈጠነ የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ስታየው ደስ አላት፤ ቁርስ በልቶ እንደሆነ ጠየቀችው። አጥሩ ጥላ ሥር ወሰዳትና፣ ሳይቀመጥ፣ በአንድ ትንፋሽ ነገራት።

«እግዜር ጠበቃቸው ብዬሽ ነበር። እኔ ነበርኩ የጠበቅኋቸው።»

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ከቦርሳዋ ደብተሩን አወጣችና ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

«የትኞቹን?» አለችው።

አንድ በአንድ ነገራት። ስምንተኛውን፣ ዘጠነኛውን፣ አሥራ አንደኛውን። አንዱንም አልረሳም፤ ለእያንዳንዱ ምን እንዳባረረ፣ በየትኛው ቀን እንደነበር ነገራት። እሷም በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘች። አሥራ አራት ጎጆ ተሰረዘ። የቀሩት ስድስት ናቸው።

«ስድስት ጎጆ ይዤ ማንም ፊት አልቆምም» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ተቀየረ። «ለምንድን ነው ያልነገሩኝ? በየሳምንቱ እመጣ ነበር። በየሳምንቱ!»

«ቁራ አታባር አላልሽኝም።»

«ማን እንዲህ ያደርጋል ብዬ ላስብ?»

«አደራ አልሽኝ፣ ልጄ። አደራ የተባለ ነገር ሲበላ ማየት አላውቅበትም።»

ኪን እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። «በጣም ያበሸቀኝን ያውቃሉ?» አለች። «ሳሩ የሚጠቅም ይመስለኝ ነበር። ቁጥሩ አይጠቅምም ሲል፣ የራሴን ፍላጎት ትቼ ቁጥሩን አመንኩ። ትክክለኛ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ለካ ሐሰት ነው ያመንኩት።»

ፈጠነ ይቅርታ አድርጊልኝ አለ፤ ቃሉ ትንሽ ሆነበት። ደብተሩን ሊሰናበት ይመስል ነካ አደረገውና መንገዱን ሊጀምር ሲል ጠራችው።

«ወዴት ነው? ዶዘሩ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ሐጂ ጋ አብረን ነው የምንሄደው።»

ሐጂ ዓብዲወሊ ነገሩን ሲሰሙ መጀመሪያ ሳቁ። «በእኔ መሬት ላይ ለቆቅ ዘበኛ ቀጥረሽ ነበር ማለት ነው?» አሉ። ቀጥለው ግን ሳቃቸው ቆመ። ከጎረቤቶቻቸው ጋር ቃል ተለዋውጠዋል፤ ሰው ምን ይላል? ኪን አንድ ጉ ብቻ ጨምሩልኝ ብላ ለመነቻቸው። ዩኒቨርሲቲው አንድ ዓመት እንዲጨምርላት እንደምትጠይቅም ነገረቻቸው። ሐጂም በመጨረሻ፣ «የሚመጣው ጉ እስኪያልፍ» አሉ። «ከዚያ ወዲያ ግን ብትለምኚኝም አልሰማም። ደግሞ ይኼ ሰውዬ እዚያ ከዋለ የምትይውን ማን ያምንሻል? ሌላ ሰው ፈልጊ።»

ፈጠነም በልቡ ልክ ናቸው አለ።

«አዴር» አለቻቸው ኪን፣ አጎቴ ማለቷ ነው፤ «ማንም ሳያውቅበት ራሱ መጥቶ የነገረኝ ሰው ነው። ሌላ ሰው አመጣለሁ፤ ሲሰለቸው ቤቱ ተኝቶ ቢጽፍልኝ በምን አውቃለሁ? እሱን ነው የማምነው።»

ሐጂ ትከሻቸውን ነቀነቁ። ፈጠነ ግን አንገቱን ደፍቶ መሬቱን ያይ ነበር፤ ከተቆጣችው ይልቅ ይህ ንግግሯ ነው እንባውን ያመጣው።

ክረምትና በጋው አለፈ። ኪን ምን ያህል ዋጋ እንደከፈለች ለፈጠነ አልነገረችውም፤ አብረዋት የተማሩት ሲመረቁ እሷ ዳር ቆማ ስታጨበጭብ እንደነበር ከጀማሉዲን ነው የሰማው። ሚያዝያ ላይ ጉ ሲዘንብ አዲስ ደብተር ሰጠችው። ከእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ አንድ ረድፍ ጨምራለች፦ «ተመልካቹ ምን አደረገ?»

«ይህችን እውነቱን ነው የሚሞሉት» አለችው። «ያባረሩ እንደሆነ አባረርኩ ይበሉ፤ አልቆጣም፤ ያቺን ጎጆ አውጥቼ እተዋታለሁ። ግን ብዙ የምተወው ጎጆ የለኝም። ሜዳ ላይ የምትበላ እያንዳንዷ ጎጆ ለሳሩ የምትመሰክር ናት። ብትድን ደስ ይለናል፤ ብትበላም መበላቷ ይቆጠር።»

ፈጠነ ወንጭፉን አያሃ ትቶ መጣ። መጠለያውን ከጎጆዎቹ አርቆ ተከለ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጎጆ ተበላ፤ ጻፈ። በሦስተኛው ሳምንት አራት ሆነ። በየማታው ሲተኛ፣ በትክክል እየሠራ እንደሆነ ለራሱ ይነግራል፤ ልቡ ግን ትክክል ነህ ብሎት አያውቅም። የሳሩ እርከን ላይ ያሉት በየተራ ጫጩት እያወጡ ሲሄዱ ያያል። ደስታውም ሐዘኑም በአንድ ደብተር ላይ ይውላል።

ግንቦት አጋማሽ ላይ አሥራ ሦስተኛውን ጎጆ ሊያይ ወጣ። በተመነጠረው እርከን ላይ፣ ከአንድ ድንጋይ ጥግ ነው ያለው። ስድስት እንቁላል፤ እናቲቱ ከታቀፈቻቸው አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆኗቸዋል። ለመብል ወጣ ብላ ስለነበር ጎንበስ ብሎ አየ። ከቅርፊቱ ውስጥ ድምፅ ሰማ። ቀጭን፣ የተቋረጠ ድምፅ፤ ጫጩቶቹ እርስ በርሳቸው ይጠራራሉ። ቢበዛ አንድ ቀን ነው የቀራቸው። ፈጥኖ ራቀና አርባ እርምጃ ላይ ተቀመጠ። እናቲቱ ተመልሳ ገባች።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሁለት ቁራዎች መጡ።

ገና ከሩቅ ነው ያወቃቸው። አንዱ ከድንጋዩ ወዲህ አረፈ፣ ሌላው ከወዲያ። ፈጠነ ብድግ አለ። አንድ ጊዜ ቢያጨበጭብ ይበቃል፤ ድንጋይ አያስፈልገውም፣ ማጨብጨብ ብቻ። ከሩቅ የሳሩ እርከን ይታየዋል፤ ነፋስ ሲያልፍበት ያዘነብላል፣ በውስጡ ስንት እናት እንደታቀፈች እሱና እግዜር ያውቃሉ። እንደገና ተቀመጠ። ሁለት እጁን ከጭኑ ሥር አስገብቶ ተቀመጠባቸው። ቆቋ ተነሣች፤ ክንፏን ዘርግታ የፊተኛውን አሳደደችው። የኋለኛው ገባ። ፈጠነ ዓይኑን አልጨፈነም፤ የተቀጠረው ለማየት ነውና። እንባው በጉንጩ እየወረደ ስድስቱንም ቆጠረ።

ቁራዎቹ ሲሄዱ ደብተሩን አወጣ። እጁ ደንዝዞ ስለነበር እስክሪብቶውን ለመያዝ ጊዜ ፈጀበት። ቀኑን ጻፈ። ሰዓቱን ጻፈ። እንቁላል ስድስት፤ ሊፈለፈሉ አንድ ቀን ሲቀራቸው፤ ቁራ በላቸው። ግርጌው ላይ ደረሰ። ተመልካቹ ምን አደረገ? «ምንም» ብሎ ጻፈና ከአጠገቡ ስሙን ፈረመ።

ደብተሩን ሊዘጋ ሲል ቆቋ ተመለሰች። ዙሪያውን ዞረች፤ ቅርፊቱን በአፏ ገፋ አደረገች። ከዚያም ላባዋን ነፍታ፣ እንደ ወትሮው ዝቅ ብላ፣ ባዶው ጎድጓዳ ላይ ታቀፈች። ፈጠነ ደብተሩን እንደገና ገለጠና ያንንም ጻፈ።